እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ብርቱካን የጎማውን ብሎኖች አንድ በአንድ በቁራጭ ጨርቅ እየወለወለች በዘይት ጣሳ ክዳን ላይ ትደረድራለች። ሹፌሩ ከማል ሲሄድ፣ «አንዷ ብትጠፋ እዚሁ ነው የምናድረው» ብሎ ለእሷ ነበር አደራ የሰጣት። ብሎኖቹ ከጸዱ ቆይተዋል። እጇ ግን ሥራ መፍታት አልወደደም።

ሚኒባሱ ከእብናት ቁልቁል በሚወርደው የጠጠር መንገድ ዳር በክሪክ ላይ አዘንብሎ ቆሟል። የፊት ግራ ጎማው የለም። መጀመሪያ የፈነዳው እብናት ሳይደርሱ ነበር፤ እሱን በትርፉ ጎማ፣ በስኮርታው ቀየሩት። ስኮርታው ደግሞ፣ ለጥገና ሳይቆሙ እብናትን ካለፉ በኋላ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰው በሌለበት ቁልቁለት ፈነዳ። ከማል በአንድ መንገደኛ ሞተር ሳይክል ጀርባ ተፈናጦ፣ ጎማውን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ እብናት ተመለሰ። «ስድስት ሰዓት ላይ እዚህ ነኝ» ብሎ ነበር። አሁን ስድስት ከሃምሳ ነው። ስልክ አይሠራም።

ከደብረ ታቦር የተነሡት ወደ ዋርካዬ ሚካኤል ነው። ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ይቀራል። ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አንዱ ቄስ ሞቱ፣ ሌላው ወደ ከተማ ገቡ፣ ዲያቆናቱም ተበተኑ። የእነ ብርቱካን ሰንበት ትምህርት ቤት ለአንድ ቀን እንኳ እንዲቀደስበት ሐዋርያዊ ጉዞ አዘጋጀ። ካህናት ለመነ፣ ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ ገዛ። ልብስ ሰፊዋ ብርቱካንም ለመቅደሱ አዲስ መጋረጃ ሰፋች። ከተዘጉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል ዋርካዬን የመረጠችው እሷ ናት። ለምን እንደ መረጠችው ሁሉም ያውቃል። እናቷ ብዙነሽ እዚያ ናት፤ ጉበቷ አብጦ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ወሯ ነው። የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳልሞት ልቁረብ ትላለች። ቅዳሴ ያለበት የቅርቡ ደብር የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በቃሬዛ ያን ያህል አትዘልቅም።

በጥቅምት ተነሥተው ነበር። መንገድ ተዘግቷል ተብለው ከከተማው መውጫ ተመለሱ። በኅዳር መጀመሪያ የተከራዩት መኪና ሳይመጣ ቀረ። ዛሬ ሦስተኛ ሙከራቸው ነው። ዓርብ ነው፣ የነቢያት ጾም። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ በማለዳ ከተነሡ ይደርሳሉ ብለው ነበር።

ለቅዳሴ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። አንድ ከጎደለ አይቀደስም። አምስቱም ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም። ለመጠባበቂያ ስድስተኛ ዲያቆን ተጠርቶ ነበር፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲደውሉለት ስልኩ ዝግ ነበር።

«ይሻው፣ አመመህ እንዴ?» አለች ብርቱካን።

ዲያቆን ይሻው የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጨጓራው ያስቸገረው ሰው። በሚኒባሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ እጁን ሆዱ ላይ አድርጓል።

«የለም፣ ደኅና ነኝ።»

«ላብህን እያየሁት።»

«ሙቀቱ ነው።»

«የሒሳብ መምህር ሲዋሽ አያምርበትም» አሉ ቄስ ወርቁ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሆነው። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለዋል። ሌሎቹ ፈገግ አሉ። ይሻውም ፈገግ ሊል ሞከረ።

ብርቱካን እስከ መታጠፊያው ወጥታ አየችና ተመለሰች። በዳገቱ ላይ አቧራ እንኳ አይነሣም።

«አባ፣ ይመጣል ይመስልዎታል?»

«ይመጣል።»

«መቼ?»

«እሱን ከማልን ጠይቂው።» ቄስ ወርቁ ፀሐይዋን በእጃቸው ከልለው አዩ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብንደርስ እንገባለን። ሁለት ዓመት ተዘግቶ የሚከፈት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ማንም ሰዓት አይቆጥርብንም። እስከ ስምንት ካልመጣ ያኔ እንነጋገራለን። እኛ ጾማችንን እንጠብቅ፣ መንገዱን ባለቤቱ ያውቀዋል።»

በጥቅምትም ባለቤቱ ያውቀዋል ብለዋት ነበር። በኅዳርም። ተስፋ ማድረግ ደክሟታል። አሁን የምትፈልገው ቁርጡን ማወቅ ነበር፤ ቁርጡ ክፉም ቢሆን።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ይሻው ብድግ ብሎ ሁለት እርምጃ ተራመደና ተንገዳገደ። የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«በቃ» አለች ብርቱካን። «ዛሬ ቅዳሴ የለም። ነገ ቅዳሜ ነው፣ በማለዳ ይቀደሳል።»

«ብርቱካን…» አሉ ቄስ ወርቁ።

«አባ፣ ሰው እየወደቀ ነው! ከማልስ የት አለ? ሰባት ሰዓት አለፈ እኮ!»

የድምፅዋ መጮህ ራሷንም አስደነገጣት። ከቅዳሴ በኋላ ይበላል ብላ ይዛው የመጣችውን ዳቦ ከዘንቢሉ አወጣች። ቆርሳ ለይሻው ዘረጋችለት። እሱ ወደ ቄስ ወርቁ አየ። ቄስ ወርቁ መቁጠሪያቸውን ያያሉ።

«ብላ» አለችው። «አስተባባሪዋ እኔ ነኝ። ቅዳሴ የለም ብያለሁ።»

አማተበ። ሁለት ጊዜ ጎረሰ፣ ከፕላስቲክ ጠርሙሱም ውሃ ተጎነጨ። ዳቦውን ለሌሎቹ ስታዞር ግን ማንም እጁን አልዘረጋም። «እኛ ትንሽ እንቆያለን» አለ አንዱ ዲያቆን በትሕትና። ይሻው ይህን ሲሰማ ሦስተኛውን ጉርሻ ከአፉ አጠገብ መለሰው።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሞተር ሳይክል በመታጠፊያው ብቅ አለ።

ከማል ከራስ እስከ እግሩ አቧራ ለብሷል። ሞተሩ በወጉ ሳይቆም ዘሎ ወረደና ጎማውን ወደ መኪናው አንከባለለው።

«ተነሡ! ተነሡ ዲያቆኖች! ስምንት ሳይሞላ እንነሣለን፣ ዘጠኝ ሳይሆን ዋርካዬ ነን! ዓርብ መሆኑን ረስቼው እኮ ነው፤ ጎማ ጠጋኙ ሐምዛ ሱቁን ዘግቶ ጁምዓ ገብቷል። ምን ላድርግ? እኔም ገብቼ ሰገድኩ። ለእናንተም ዱዓ አድርጌያለሁ፣ አባ እንዳይቆጡኝ እንጂ።»

ብቻውን ሣቀ። ከዚያ ፊታቸውን አየ።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

ብርቱካን የብሎኖቹን ክዳን አቀበለችው። ለሳምንታት ዓርብን ስታስብ ያሰበችው ጾሙን ነበር፤ ጁምዓውን አንድ ጊዜም አላሰበችውም። ዓርብ ቀትር ላይ እብናት ውስጥ የጎማ ጠጋኞች ሱቅ እንደሚዘጋ ለማወቅ የከተማው ሰው መሆን አያስፈልግም ነበር።

«በልቻለሁ» አለ ይሻው።

ከማል ዳቦውን አየ፤ ከዚያ ብርቱካንን አየ። ጾም ምን እንደሆነ የሚነገረው ሰው አይደለም። እነሱ ጾመው እሱ ፊታቸው ሻይ አልጠጣም ብሎ ከጠዋት ጀምሮ እሱም ባዶ ሆዱን ነበር።

«ስንት ደቂቃ ነው የቀደማችሁኝ?»

«ተወው» አለች።

«የለም፣ ንገሪኝ።»

«ሃያ።»

ከማል ቁጢጥ አለና ብሎኖቹን ማጥበቅ ጀመረ።

መኪናው ውስጥ ብርቱካን ወደ ቄስ ወርቁ ዘንበል አለች። «አባ፣ ሁለት ጉርሻ ነው። ታሞ ነው። እናቴ…»

«ልጄ» አሉ ቄስ ወርቁ። የሚናገሩት እንደ ከበዳቸው ያስታውቃል። «የሁለት ጉርሻ ቅዳሴ የለም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዋርካዬ ደረሱ። መኪናው ከሩቅ ሲታይ እልልታው ቀለጠ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ግቢውን ሞልቶታል፤ ሕፃናት ያዘሉ፣ በበቅሎ የመጡ፣ ከወዲያኛው ወንዝ የተሻገሩ። ከአንድ ዛፍ ሥር ቃሬዛ አለ። የብዙነሽ ጎረቤት ወርቅነሽ በቃሬዛው ላይ ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ቆማለች።

መጀመሪያ የወረደው ይሻው ነበር። ቄስ ወርቁ እስኪናገሩ አልጠበቀም።

«ዛሬ አይቀደስም» አለ። «እኔ መንገድ ላይ በልቻለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆራረጠ ቆመ። አያ ሙላቴ የሚባሉት ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ፊት መጡ።

«አንተ ልጅ፣ እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙታችንን ተሸክመን አምስት ሰዓት ተጉዘናል። አንተ ግማሽ ቀን ሆድህን መቻል አቃተህ?»

ይሻው አንገቱን ደፋ። ብርቱካን አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ከዚያ ወደ ቃሬዛው ሄደች።

እናቷ ካለፈው ጊዜ ይልቅ አንሳለች። ፊቷና ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ነጠላዋን ግን መስቀለኛ አጣፍታ ነበር፣ ተኝታም ቢሆን።

«መጣሽ ብርቱኬ።»

«መጣሁ እማዬ።»

«የመኪናውን ድምፅ ስሰማ፣ ነጠላዬን አስተካክይልኝ አልኳት ወርቅነሽን። ሙሽራ መሰልሁ አይደል?»

«መስለሻል።»

«ከቀትር ጀምሮ እዚሁ ናት» አለች ወርቅነሽ። «ጠብታ ውሃ አልወስድም ብላ። እንደ ሕፃን ልጅ ግትር!»

ብርቱካን ተንበረከከች። «ቅዳሴው ነገ ነው እማዬ።»

«አንዱ በላ ሲሉ ሰማሁ።»

«እኔ ነኝ ያበላሁት። ሹፌሩ የሚመጣ አልመሰለኝም። ሰለቸኝ። አባ ወርቁ ቆይ ብለውኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ብቻ ብጠብቅ ኖሮ…»

«ርቦት ነበር?»

«ሊወድቅ ነበር።»

«ታዲያ የወደቀ ዲያቆን ምን ያደርግልኛል?»

ሣቀች። ሣቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም ቶሎ አልለቀቃትም። ወርቅነሽ ትከሻዋን ደገፈችላት።

«አትሣቂ እማዬ። ተቆጪኝ።»

«አቅም አጣሁ እንጂ ብቆጣሽስ ደስ ባለኝ። ከድሮም ችኩል ነሽ። ጫጩት ውስጡ መኖሩን ልይ ብለሽ ዶሮዋ የታቀፈችውን እንቁላል የሰበርሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ሁለቱን።»

«ሦስቱን። ሦስተኛውን ደብቀሽዋል፣ አይቻለሁ።»

ወርቅነሽ ውሃ በጣሳ አቀረበች። «በቃ እንግዲህ ዛሬ የለም ተብሏል። ጠጪ እትዬ።»

«ነገ አሉ አይደል? ነገ ቅርብ ነው።»

«እማዬ፣ በሽተኛ ነሽ። በሽተኛ አይጾምም። እባክሽ።»

ብዙነሽ ጣሳውን በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችው። «ሁለት ዓመት እኔ ጠብቄዋለሁ። አንድ ሌሊት እሱ ይጠብቀኝ።»

ሰዎች ቃሬዛውን አንሥተው ወደ ቤት ወሰዷት። ጎሕ ሳይቀድ አረፈች። ብርቱካን እጇን ይዛ ነበር። መጨረሻ የተናገረችው ስለ ቁርባኑ አልነበረም፤ ጥጃዋ ታስራለች ወይ ብላ ጠየቀች። ታስራለች አለቻት።

ሲነጋ ሴቶቹ አስከሬኑን አጠቡ። ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ሰሜን መቃብር መቆፈር ጀመሩ። ከማል ማንም ሳይጠራው ሸሚዙን አውልቆ አካፋ ያዘ። አፈሩ ደረቅ ነበር፣ ድንጋይ የበዛበት።

አያ ሙላቴ ለቅሶ ከመጡት ጋር ተቀምጠው፣ «አንድ ዳቦ ቁርባኑን ከለከላት» ሲሉ ብርቱካን ሰማች። ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ፊታቸው ቆመች።

«አያ ሙላቴ፣ ልጁ ልብላ አላለም። ብላ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ቄሱ ሲከለክሉኝም አልሰማሁም። ትናንት ዝም ያልሁት ፈርቼ ነው።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«አንቺማ ቅጣትሽን አግኝተሻል» አሉ። ያሉትን ሲሰሙት ለራሳቸውም ሳይከብዳቸው አልቀረም፣ ቀና ብለው ደግሞ፣ «እሷን እንኳ ተሸክመን አምስት ሰዓት አንሄድም። ከሁለት ዓመት ወዲህ በገዛ ቤተ ክርስቲያኗ የምትፈታ የመጀመሪያዋ ናት። ተቀመጪ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ።

አልተቀመጠችም። ቄስ ወርቁ ከግቢው በር ላይ በእጃቸው እየጠሯት ነበር።

«ፍትሐቱን እናደርሳለን» አሉ ስትደርስ። «ቅዳሴው ግን… ይሻው አልገባም ብሏል። ከእኔ ቃል አልሰማ አለ።»

ብርቱካን ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሌሊቱን ስትጠይቀው ያደረችው ጥያቄ ከአፏ ወጣ።

«አባ፣ ጠብቄ ቢሆን ኖሮ ትቆርብ ነበር?»

«ትቆርብ ነበር።»

«ታዲያ የመንገዱ ባለቤት ለምን እንደዚህ አደረገ? ሃያ ደቂቃ ምኑ ነው?»

ቄስ ወርቁ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ እሳቸውም አልተኙም።

«አላውቅም» አሉ። «ቄስ ሁሉን የሚያውቅ ይመስልሻል። አላውቅም ልጄ። ሕፃናቱ ግን ክርስትና ሳይነሡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ እናቶቻቸው ይዘዋቸው በር ላይ ቆመዋል። እኔ ዛሬ የማውቀው ይህንን ነው።»

ይሻውን የቁርባኑ ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የልብሰ ተክህኖው ሳጥን ከአጠገቡ ነው። ነጩ ቀሚሱ በሳጥኑ ላይ እንደ ነገሩ ተጥሏል።

ሌሊት፣ የእናቷ ትንፋሽ ሲቆራረጥ፣ ይህን ሰው ጠልታው ነበር። ራስን ከመጥላት እሱን መጥላት ይቀል ነበር። አሁን በቀን ብርሃን ስታየው የሸሚዙ ኮሌታ የተላጠ፣ ጫማው የመምህር ጫማ የሆነ፣ ያልተኛ ሰው ብቻ ነው።

«አልገባም» አለ ሳያያት። «ሌላ ፈልጉ።»

«ሌላ የለም። ቁጥር ደግሞ ያንተ ሥራ ነው።»

«የእናትሽን ቁርባን በላሁ።»

«ያበላሁህ እኔ ነኝ።»

«አፉ የእኔ ነው። እንቢ ማለት እችል ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? ስትዘረጊልኝ ደስ አለኝ። የሆዴን ሕመም እንጂ እናትሽን አላሰብኩም።»

ብርቱካን ከአጠገቡ ተቀመጠች። ለእሷም እውነቱ ይኸው ነበር፤ ዳቦውን ስትቆርስ እሷም ደስ ብሏት ነበር፣ መጠበቁ ስላበቃ። ይህን ግን መናገር አልቻለችም።

«እማዬ ስለ አንተ ምን አለች መሰለህ?» አለችው። «ሊወድቅ ነበር ስላት፣ ታዲያ የወደቀ ዲያቆን ምን ያደርግልኛል አለች።»

ይሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «እውነት እንደዚያ አለች?»

«ደግሞ ሣቀች። ሣቋ ነው ሳሉን የቀሰቀሰባት።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አለቀሰ። ብርቱካን አላባበለችውም፤ የምታባብልበት ጉልበት አልነበራትም። ከመቃብሩ በኩል አካፋ ድንጋይ ሲመታ ይሰማል።

«ከዚያ ወዲህ የቀመስከው ነገር አለ?» አለችው ቆይታ።

«ምንም።»

ቀሚሱን ከሳጥኑ ላይ አንሥታ አየችው። የታችኛው ጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ተቀድዶ ይንጠለጠላል።

«ይህ ምን ሆኖ ነው?»

«ሳጥኑ ውስጥ ሚስማር ነበር። ማታ ሳወጣው ያዘው።»

ልብስ ሰፊ ናትና መርፌና ክር ከቦርሳዋ አይጠፋም። ነጭ ክር ግን አልነበራትም፤ ያላት ቢጫ ነበር። ቀሚሱን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፈችና ክሩ በፊቱ በኩል እንዳይታይ በደቃቁ ትሰፋው ጀመር። ሁለት ጊዜ ፈትታ እንደገና ጀመረች። ይሻው መርፌዋን ያያል። ወርቅነሽ ከቤቱ በኩል ብቅ ብላ፣ «ብርቱካን፣ አስከሬኑ ሊወጣ ነው» አለች። «መጣሁ» አለቻት፣ ስፌቱን ሳታቋርጥ።

የመጨረሻዋን ስፌት ሳበች። ክሩን ቋጥራ በጥርሷ በጠሰችው። ቀሚሱን አራገፈችው፣ እጅጌውን በእጅጌው ላይ አድርጋ አጠፈችው፣ በሳጥኑ ክዳን ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ተነሥታ አፈሩን ከጉልበቷ ጠረገችና ወደ እናቷ ሄደች። ያነሣው እንደሆነ ለማየት አልቆመችም።